የጋሽ ኤሊ እጅ

ሰኞ፣ ወር በገባ በ4

ብዕሩ ነው። ሌላ ምንም አይደለም። የኮምፒውተር ብዕር ጫፉ ሲያልቅ ይንሸራተታል፣ የታወቀ ነው። ዛሬ የጋሽ ኤሊን ቅንድብ አምስት ጊዜ ሰርዤ በስድስተኛው ነው የገባልኝ። ጫፉን ቀየርኩት። አዲሱም እንደ አሮጌው ሆነብኝ፤ ከአንድ እሽግ ስለወጡ ይሆናል።

ይህን ደብተር የገዛሁት ሥራዬን ልመዘግብበት እንጂ ስለ ብዕር ላማርርበት አይደለም። ልመዝግብ እንግዲህ። ስምንት አጫጭር የልጆች ካርቱን እየሠራን ነው። ጋሽ ኤሊ መነጽር ያደረገ፣ ብሩሹን ጆሮው ላይ የሚሰካ ኤሊ ነው። (ኤሊ የሚታይ ጆሮ የለውም ብለውኛል። የእኔ አለው።) እንስሳቱ ሱቅ በከፈቱ ቁጥር ማስታወቂያ ይጽፍላቸዋል። ስድስቱ ክፍሎች አልቀዋል፣ ሰባተኛው አፋፍ ላይ ነው፣ ስምንተኛውን በሚቀጥለው ወር በ21 እናስረክባለን። የስምንተኛው መጨረሻ አርባ ሰከንድ ነው፤ ጋሽ ኤሊ ለጥንቸሊት ሱቅ ሲጽፍ እጁ ብቻ ከቅርብ ይታያል። ሲዘገይባት ጥንቸሊት ብሩሹን ተቀብላ ትጨርስለታለች፣ ሁሉም ያጨበጭባል። ድርሰቱን የጻፍኩት ራሴ ነኝ። በሰከንድ አሥራ ሁለት ሥዕል፣ ባጠቃላይ አራት መቶ ሰማንያ፣ እያንዳንዱ በእጄ። ይህ የእኔ ድርሻ ነው፤ ማንም አይነካውም።

ረቡዕ 6

አጠገቤ የሚቀመጠውን ባልደረባዬን ወጌሻው እንለዋለን። ሠላሳ ዓመት የደፈነ፣ የተማረ ሰው ነው፤ ሥራው ግን ሥዕል ውስጥ አጥንት ማስገባት ነው። አንድ ጊዜ የተሣለ ክንድ ይወስድና ከትከሻው፣ ከክርኑ፣ ከአንጓው ቆራርጦ በፕሮግራሙ አጥንት ይሰካበታል። ከዚያ ወዲያ መሣል የለም፣ መጎተት ብቻ ነው። ከሩቅ ለሚታይ ነገር አልጠላውም። የመጀመሪያዎቹ ሰባት ክፍሎች አብዛኛው በእሱ አጥንት ነው የሄደው።

ዛሬ ወንበሩን ወደ እኔ አዙሮ፣ "እትዬ፣ ያንን አርባ ሰከንድ ብትለቂልኝ በሦስት ቀን አስረክብሻለሁ" አለኝ።

"እኔ ደግሞ በሦስት ሳምንት አስረክባለሁ።"

"ልዩነቱ ምንድን ነው ታዲያ?"

"የእኔ ሲያልቅ እጅ ይሆናል። ያንተ ግን ጓንት ነው።"

ሳቀ። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር።

እሑድ 10

እማዬ ስድስተኛውን ክፍል አየች። መነጽሯን ከፍ ዝቅ እያደረገች እስከ መጨረሻው ተከታተለችው። ከዚያ፣ "ጀርባው የአባትሽ ነው" አለች።

"ኤሊ ነው እኮ እማዬ።"

"ኤሊ ቢሆንስ ጀርባ የለውም?"

አባባ የሱቅ ማስታወቂያ ጸሐፊ ነበር። ከሞተ ስድስት ዓመት ሆነው። እኔ ግን ጋሽ ኤሊን ስፈጥር ስለ እሱ አላሰብኩም። መስመር ማውጣት የለመድኩት ከእሱ ነው፣ ያንን አልክድም። አሥራ ሰባት ዓመቴ ላይ አንድ የዳቦ ቤት ማስታወቂያ ሲደክመው እኔ ጨረስኩለት። ባለ ዳቦ ቤቱ ከልጅቷ ፊደል የአባቷን መለየት አልችልም ብሎ ለሰፈሩ ሁሉ አወራ። ለዚህ ሙያ ያበቃኝ ያ ቀን ነው እያልኩ ስንቴ ለሰው ነግሬያለሁ።

ማክሰኞ 12

ፕሮግራሙ ላይ የመስመር ማለስለሻ የሚሉት ነገር አለ፤ ከዜሮ እስከ መቶ ነው። እጅ ያወጣውን መስመር ተቀብሎ እያቃና ያስቀምጣል። ጀማሪ ሳለሁ እንኳ ከአሥር አልፌ አላውቅም። ሃምሳ ላይ አድርገው የሚሥሉ ሰዎች ሳይ በሆዴ እስቅ ነበር።

ዛሬ 25 አደረግኩት። ብዕሩ እስኪመጣ ነው። አዲስ አዝዣለሁ።

ሐሙስ 14

ቸኩያለሁ። ሰባተኛው ክፍል ነገ ይወጣል። አዲሱ ብዕር መጣ፣ እሱም ያው። እንግዲህ ብዕሩ የሚሄድበት ሰሌዳ ነው። ማለስለሻ 40። ከታች ያለው መስታወት ቆራጭ ቀኑን ሙሉ ጆሮዬን ሲፍቀው ዋለ፤ በዚያ ድምፅ ቀጥ ያለ መስመር የሚያወጣ ካለ ይምጣ።

እማዬ ሻይ መቆጠብ ጀምራለች። ሁለት ቀን ሙሉ ብርጭቆዬን ግማሽ ብቻ ነው የምትቀዳልኝ። ጨምሪ ስላት፣ "ስትጨርሺ እደግምልሻለሁ" ትላለች።

ማክሰኞ 19

የሰማሁትን እንደሰማሁት ልጻፈው። ወረቀት ለማምጣት ወደ ጓዳ ልገባ ስል አለቃችንና ወጌሻው በሩ ጀርባ ቆመው ያወራሉ። ከአለቃችን ጋር ሥራውን የጀመርነው አንድ ጠረጴዛ ለሁለት ተካፍለን ነው፤ ድምፁን በግድግዳ ውስጥም እለየዋለሁ።

"ስንት ሠራች እስካሁን?"

"ዘጠና ስድስት።"

"በሁለት ሳምንት? ድሮ እኮ በሦስት ቀን ትሠራው ነበር። እጇን አይተኸዋል?"

ወጌሻው፣ "እኔ ሥራዬን ነው የማየው" አለ።

ወረቀቱን ሳልወስድ ተመለስኩ። እጇን አይተኸዋል ብሎ ነገር። ሃያ ዓመት ያበላው እጅ ነው። ስንት ሌሊት ስንት ሺህ ሥዕል ያወጣ እጅ። ደግሞስ ፍጥነት የቀነሰው ማለስለሻውን 60 ስላደረስኩት ነው፤ ስልሳ ላይ መስመሩ ከብዕሩ ኋላ እየተጎተተ ነው የሚመጣው። የማሽን ጉዳይ ነው። እጅ አልሰጥም።

ረቡዕ 20

ዛሬ ጥሩ ሠራሁ። በንዴት ማለስለሻውን አጠፋሁትና የጋሽ ኤሊን ቀኝ እጅ እንደ ድሮዬ በአንድ ትንፋሽ አወጣሁት። አንጓው ላይ መስመሩ ትንሽ ተረብሿል፣ ግን ሕይወት አለው። ሳላቅማማ አስቀምጬ ወጣሁ። ይኼው ነው።

ዓርብ 22

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። እኔስ የምለቅመው ከየት አባቴ ይሆን።

የሰባቱም ክፍሎች ሥዕሎች አንድ መዝገብ ውስጥ ናቸው። እያንዳንዱ አካል አንድ እናት ሥዕል አለው፤ በየክፍሉ ያሉት ሁሉ የዚያች እናት ልጆች ናቸው። እናቲቱን የነካ ልጆቿን ሁሉ ይነካል። አንዱን ብቻ ለመቀየር የሚፈልግ መጀመሪያ ከእናቱ መነጠል አለበት። ይህን ለአዲስ ሠራተኛ በመጀመሪያው ቀን የማስተምረው እኔ ነኝ። ረቡዕ ዕለት ሳልነጥል እናቲቱ ላይ ሣልኩ። ማሽኑ እንደ ልማዱ ሰባቱንም ክፍሎች በራሱ እንደገና አዘጋጅቶ ለደንበኛዋ ላከ። ደንበኛዋ የቴሌቪዥን ጣቢያው የልጆች ፕሮግራም ኃላፊ ናት። ትናንት ወስዳ አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ለአርባ ልጆች አሳየችው።

ከመጀመሪያው ክፍል እስከ ሰባተኛው ጋሽ ኤሊ እጁ ተረብሿል። ወጌሻው የሚሰካው አጥንት መስመሩን ከሥዕል ወደ ሥዕል ስለሚያዛንፈው ጭራሽ ብሶበት፣ ብሩሹን ባነሳ ቁጥር እጁ ላይ የሆነ ነገር ይሄዳል።

አለቃችን አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ እመልስለት ነበር። "ለምን ማለስለሻውን አጠፋሽው?" ብቻ አለ። በዚህ ሁሉ ሰው ፊት። ለካ የማለስለሻ ቁጥሬን ሁሉም ያውቀዋል።

በገዛ እጄ።

እሑድ 24

እማዬ ሻዩን ግማሽ ቀድታ አጠገቤ ተቀመጠች። "መቼ ነው ሐኪም ጋ የምትሄጂው?" አለች።

"ለምኑ?"

"ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ" አለችኝና ብርጭቆዬን በዓይኗ አሳየችኝ። "አባትሽም መጀመሪያ ብሩሹ ነው ነበር ያለው። ቀጥሎ ቀለሙ ቀጠነ አለ። ከዚያ መሰላሉ ይወዛወዛል አለ። መሰላሉን ሦስት ጊዜ አናጢ ጋ ወስጄዋለሁ።"

"እና?"

"እናማ ያንን ዳቦ ቤት ከጨረሽለት ወዲህ ብሩሽ አልያዘም። አጥቦ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ፣ ቁም ሳጥን ላይ አኖረው። አንድም ቀን ስለዚያ ነገር አላወራም። ሻዩን ግማሽ መቅዳት የጀመርኩት ያኔ ነው።"

ብርጭቆውን ሳላነሳው ሻዩ ቀዘቀዘ።

ሰኞ 25

አለቃችን ቢሮው አስጠርቶ፣ "አርባውን ሰከንድ ወጌሻው ይሥራው። አንቺ ትመሪዋለሽ" አለኝ።

"የምመራው ዓይነ ስውር ነው?"

"እባክሽ፣ አታክብጂው።"

"የሠራሁት ዘጠና ስድስት ሥዕል አለ።"

"አይቼዋለሁ" አለ። ደግነቱ ነው የሚያናድደኝ። "ንጹሕ ነው። ያንቺ ግን አይደለም። ማሽኑ ነው የሠራው።"

እውነቱን ነው። ስልሳ ላይ የሚወጣ መስመር የማንም አይደለም። ግን እንደዚያ ብዬ አልነገርኩትም። "እስከ ሰኞ ቆየኝ" አልኩት። "አምስት ሰከንድ አሳይሃለሁ። ካላሳመነህ እኔው ራሴ ለወጌሻው አስረክበዋለሁ።" ጣሪያውን አየና እሺ አለ። ሰባቱን ክፍሎች ወጌሻው በአንድ ከሰዓት ወደ ድሮው እጃቸው መለሳቸው። ሲጨርስ ወንበሩን ወደ ራሱ ስክሪን አዞረ፤ እንደ ስድብ ነበር ያመመኝ።

ሐሙስ 28

እጄ ይንቀጠቀጣል። ይኸው ጻፍኩት። ብዕሩ አይደለም፣ ሰሌዳው አይደለም፣ መስታወት ቆራጩም አይደለም። ከስድስት ወር በላይ ሆኖታል። ዝም ብዬ ሳስቀምጠው ደህና ነው፣ አንድ ነገር ላደርግበት ስል ይጀምራል። እንደ አባባ።

ከጻፍኩ አይቀር የዳቦ ቤቱንም በትክክል ልጻፈው። አባባ አልደከመውም ነበር። "ቤት" ከሚለው "ቤ" ላይ ደርሶ እጁ እምቢ አለው። መንገደኞች ቆመው ያያሉ፣ ባለ ዳቦ ቤቱም ከበሩ ላይ ያያል፣ እኔ አፈርኩ። ለእሱ አዝኜ አይደለም። ሰው ስላየን አፍሬ ነው። መሰላሉ ላይ ወጥቼ፣ "አባባ ተወው፣ እኔ ልጨርሰው" አልኩ። "ትንሽ ቆዪ" አለኝ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ቀስ ብሎ። አልቆየሁም። ብሩሹን ከጣቶቹ መሐል ሳብኩት። ሰው ሁሉ አመሰገነኝ። ያንን ምስጋና ይዤ ሠላሳ ዓመት ኖርኩ፤ ጭራሽ ድርሰት አድርጌ ጻፍኩት፣ ጥንቸሊት ብሩሹን ተቀብላ ስትጨርስ ሁሉም ያጨበጭባል ብዬ።

ተቀብላ አይደለም። ነጥቃ ነው።

ዘጠና ስድስቱን ሥዕል ደመሰስኳቸው። ማለስለሻውን ዜሮ አደረግኩት። የመጨረሻውንም ለወጥኩ። የጥንቸሊት ድምፅ ቀድሞ ተቀርጿል፣ "ጋሼ ይተዉት፣ እኔ ልጨርሰው" ትላለች፤ እንዳለ ይቆይ። ጋሽ ኤሊ ግን ሳያያት አንድ ጣቱን ብቻ ያነሳል። ጥንቸሊት የዘረጋችውን እጅ ትሰበስባለች። የቀለሙን ቆርቆሮ አንስታ ትይዝለታለች። ትጠብቃለች። እሱ እየተንቀጠቀጠ ይጨርሳል። ሥዕሉ ይበላሽ እንደሆነ ይበላሽ፣ ብሩሹን ግን ማንም አይነጥቀውም።

ሰኞ፣ በአዲሱ ወር 2

ስድሳ ሥዕል፣ አምስት ሰከንድ። አለቃችን ሦስት ጊዜ መላልሶ አየው። ሌላ ሰው የሚንቀጠቀጥ እጅ ለመሣል ስንት ወር ይለማመዳል፤ እኔ በነጻ አገኘሁት አልኩት። አልሳቀም። "ከመቼ ጀምሮ ነው?" አለኝ። ነገርኩት። መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ሲጠርግ ቆየ።

"ደንበኛዋ አትቀበልም" አለ በመጨረሻ።

"ስልኩን ስጠኝ።"

ሰጠኝ። እሷም አልሸሸችም፣ የመጣላትን ተናገረች። "ያን ቀን ልጆቹ ታሪኩን ትተው እጁን ነው ያዩት። ጥያቄው ሁሉ ስለ እጁ ሆነ።"

"ምን ብለው ጠየቁ?"

"አንዱ 'በርዶት ነው?' አለ። ሌላዋ ደግሞ የእኔም አያት እንደዚህ ናቸው ብላ ስለ አያቷ ስታወራ መምህሯ ናት ዝም ያሰኘቻት።"

"ስለ ሌሎቹ እንስሳትስ ምን አሉ?"

"ምንም።"

"ታዲያ ከሰባት ክፍል ውስጥ ልጆቹ ያወሩለትን አንዱን ነገር ነው አውጡልኝ የሚሉት?"

"እኔ ያዘዝኩት ማስታወቂያ የሚጽፍ ኤሊ ነው፣ እመቤቴ" አለችኝ።

"እየጻፈ ነው" አልኳት።

በ21 አየዋለሁ፣ ካላመንኩበት እመልሰዋለሁ፣ ሲመለስም በአጥንት ይሠራል ብላ ስልኩን ዘጋች። ደግ አላደረገችልኝም፣ በሩን ግን አልዘጋችውም።

ዓርብ 6

148። ጠዋት ይሻላል፣ ከሰዓት ይብሳል። ክርኔን ሁለት መጽሐፍ ላይ አስደግፋለሁ። ትናንት አንዱን ሥዕል አሥራ አንድ ጊዜ። መንቀጥቀጡም እኮ ልክ አለው፤ ሲበዛ ሥዕሉ ጭረት ነው የሚሆነው። ጣት ጣት መምሰል አለበት።

ሐሙስ 12

291።

ወጌሻው ዛሬ፣ "እትዬ፣ አንድ ነገር ላሳይሽ፣ እንዳትቆጪ" አለኝ። ከተናገረው ሁሉ ይኼኛው ነው ያስደነገጠኝ። ስክሪኑን አዞረልኝ። አምስተኛው ክፍል ነው። ጋሽ ኤሊ ለቀበሮ ሲጽፍ፣ ከሩቅ፣ አንጓው አንዴ ብቻ ንቅንቅ ይላል። ስድስተኛው ላይ ሁለቴ። ሰባተኛው ላይ ብሩሹን በሁለት እጁ ይይዛል።

"እጁን ከእናቱ ነጥዬ ነው የሠራሁት" አለ። "ስምንተኛው ላይ በድንገት ቢጀምረው ልጆቹ አያምኑም ብዬ ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ።"

"ማን አዘዘህ?"

"ማንም።"

"የአንጓው እንቅስቃሴ በዝቷል፤ ስድስተኛው ላይ ቀንሰው" አልኩት። ዓይኔ እንባ ሞልቶ ስለነበር ወደ መስኮቱ ዞርኩ። ጓንት ብዬው ነበር። ይቅርታ አልጠየቅኩትም፤ እጠይቀዋለሁ።

ሰኞ 16

362። ክፉ ቀን። እስከ ምሳ ሰዓት ሦስት ሥዕል ብቻ። ማለስለሻውን ከፍቼ አምስት ላይ ላደርገው ጣቴን ዘረጋሁ። አምስት ምን አላት። ዘጋሁት።

አለቃችን የሚቀጥለው ዓመት ሥራ ሙሉ በሙሉ በአጥንት እንደሆነ ዛሬ ነገረኝ። ወንበርሽ ግን አይነካም፣ ድርሰቱን ትጽፊያለሽ አለ። የሚቀጥለው ዓመት የሚቀጥለው ዓመት ይታያል። የእኔ ጉዳይ 21 ነው።

እማዬ ቀጠሮ አስይዛልኛለች፣ ለ23። ሳትነግረኝ። እሺ አልኳት። ብዕሩንም ይዤ እሄዳለሁ፣ ሐኪሙ እሱንም ይየው።

ቅዳሜ 21

ሁሉንም ልጻፈው፣ ደክሞኛል ግን ልጻፈው።

እስከ አሥር ሰዓት ማስረከብ አለብን። ዘጠኝ ሰዓት ላይ 479 አልቋል፣ አንድ ቀርቷል። የመጨረሻዋ ሥዕል፣ ጋሽ ኤሊ ፊደሉን ዘግቶ ብሩሹን የሚያነሳባት። የጎደለችው የአውራ ጣቱ መስመር ብቻ ነች። ከታች እስከ ላይ አንድ መስመር። እጄ እምቢ አለ። አወጣሁ፣ ሰረዝኩ። አወጣሁ፣ ሰረዝኩ። ክርኔን መጽሐፉ ላይ፣ ቀጥሎ ግራ እጄን በቀኙ ላይ። አለቃችን በሩ ላይ ቆሞ ሰዓቱን ያያል፣ እንዳላይበት ደግሞ ክንዱን ወደ ታች ያደርገዋል። ስንት ጊዜ እንደሰረዝኩ አልቆጠርኩም።

ወጌሻው ተነሳ። ከኋላዬ ቆሞ ሲተነፍስ ይሰማኛል።

"እትዬ" አለ፣ ቀስ ብሎ። "ተይው፣ እኔ ልጨርሰው። አንዲት መስመር ናት።"

የዳቦ ቤቱን እውነተኛ ታሪክ አልነገርኩትም። ለማንም አልነገርኩም። ዞሬም አላየሁትም።

"ትንሽ ቆይ" አልኩት።

እጁ በትከሻዬ በኩል እስኪመጣ ጠበቅኩ። አልመጣም። ወንበር ሲሳብ ሰማሁ። አጠገቤ ተቀመጠና በሁለት እጁ የሥዕል ሰሌዳውን ጠርዝ ያዘልኝ፣ እንዳይንሸራተት። ሰሌዳው አይንሸራተትም፣ ታቹ ጎማ ነው። ይዞ ቆየ።

ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ ላይ ወጣች። ከታች እስከ ላይ፣ ሁለት ቦታ የተንቀጠቀጠች፣ አውራ ጣት። ዘጠኝ ተኩል ላይ ካወጣኋት የተሻለች አይደለችም። ይህችኛዋን ግን አልሰረዝኳትም።

አሥር ሊሆን ሰባት ደቂቃ ሲቀረው ላክነው። ደንበኛዋ እስካሁን አልደወለችም። ብትመልሰው ትመልሰው፤ የሚመለሰው ያለቀ ሥራ ነው።

ማታ እማዬ ሻይ ቀዳችልኝ፣ ግማሽ። ሙይው አልኳት። ሞላችው። ብርጭቆውን በሁለት እጄ ይዤ ጠጣሁት፣ ጠረጴዛው ላይም ትንሽ ፈሰሰ፣ እሷም አልጠረገችውም።